የት ልብላ? የሌስቦስ ታቬርናና ከማዶ የመጡ ድስቶች

ዛሬ ከፖለቲካው ዞር ብለን ስለ ምግብ እናውራ። ብዙም አንርቅም፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመልሰናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቱትጋርት የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ለአንድ ሳምንት የግሪኳን ሌስቦስ ደሴት ሊጎበኙ ትኬት ቆርጠዋል። «አንተ ስለዚያ አካባቢ ስትጽፍ ኖረሃል። ቱሪስት የሚዘረፍበትን ሳይሆን የአገሬው ሰው የሚበላበትን ታቬርና ንገረኝ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደሴቲቱን ረግጫት አላውቅም። ከ2015 ጀምሮ ግን በስደት ጉዳይ ስጽፍ በዘገባ፣ በመጽሐፍና በካርታ ስከታተላት ኖሬያለሁ። ይህንኑ ነገርኩትና «እስቲ ላገላብጥና ልመለስልህ» አልኩት። በሳምንቱ ደውዬ ለአንድ ሰዓት ያህል አወራሁት። መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተ ሰውዬ፣ የት ልብላ ነው እንጂ ስለ ሎዛን ውል ንገረኝ መቼ አልኩህ?»

ልክ ነው፣ አላለኝም። ግን በዚያች ደሴት የሎዛንን ውል ሳያነሱ የቀረበውን ሳህን መረዳት አይቻልም። ለእሱ ያወራሁትን ለእናንተም ሰብሰብ አድርጌ ላቅርበው።

▪️ ማዶ ለማዶ

ሌስቦስ ከቀርጤስና ከኤቪያ ቀጥላ የግሪክ ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። ስፋቷ 1,630 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነዋሪዋ ከ80,000 ትንሽ ይበልጣል። ከአቴንስ ወደብ የሚነሳ መርከብ እዚያ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። ከቱርክ የባሕር ዳርቻ ግን በጠባቡ ቦታ ከስድስት ኪሎ ሜትር አይርቃትም። በሰሜን በኩል ከምትገኘው የሞሊቮስ ከተማ ላይ ሆኖ ወደ ማዶ ሲያዩ የቱርክ ተራሮች ፊት ለፊት ይታያሉ።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ስሙን ሳያስተውለው አልፎት ይሆናል እንጂ አካባቢውን ያውቀዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ጳውሎስ ከአሶን በመርከብ ተነስቶ የደረሰባት ሚጢሊኒ የዚህች ደሴት ዋና ከተማ ናት። አሶን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ነው፤ ሚጢሊኒ ግሪክ ውስጥ። ለጳውሎስ ግን አንድ ጉዞ፣ አንድ ባሕር፣ አንድ አገር ነበር። ከእሱ በኋላም ለብዙ ዘመን እንዲያው ነበር።

ደሴቲቱን በ1462 ኦቶማኖች ያዟት። ከዚያ እስከ 1912፣ ለ450 ዓመት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሱልጣን ሥር ኖረ። የሌስቦስ ባለርስት ማዶ እርሻ ነበረው። የሌስቦስ ነጋዴ ዘይቱንና ሳሙናውን ማዶ ይሸጥ ነበር። ማዶ ያለችው አይቫሊክ የምትባለው ከተማ ደግሞ ነዋሪዎቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግሪክኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ነበሩ። ትልቁ ገበያ ሰምርኔስ ነበር፤ በራእይ መጽሐፍ የምናውቃት ሰምርኔስ፣ የዛሬዋ ኢዝሚር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ባሕሩ ያኔ ድንበር አልነበረም፤ መንገድ ነበር።

▪️ ታቬርና፣ ካፌኒዮ፣ ኡዘሪ

ቱሪስቱ ሁሉንም «ታቬርና» ይለዋል። አገሬው ግን ይለያል።

ታቬርና የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሱቅ ማለት ነበር። ዋናው ነገር ድስት ነው። ጠዋት የተጣደ ወጥ፣ በምድጃ የተጋገረ ደበርጃን፣ በወይራ ዘይት የበሰለ ባቄላ ወይም ፋሶሊያ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ለብ ብሎ ነው የሚቀርበው፤ «ቀዝቅዟል» ብሎ መመለስ የአገሩን ወግ አለማወቅ ነው። በድሮው ልማድ ደንበኛው ሜኑ አይጠይቅም፤ ወጥ ቤት ገብቶ ክዳኑን ከፍቶ አይቶ «ከዚህኛው» ይላል። ዛሬም ይህን የሚፈቅድ ቤት ካገኛችሁ ቁጭ በሉ።

ካፌኒዮ ስሙም ነገሩም ከኦቶማን ዘመን የመጣ የቡና ቤት ነው። እዚህ ላይ እኛም እጃችን አለበት። ከእኛ ተራሮች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን የደረሰው ቡና በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢስታንቡል ላይ ቡና ቤት አስከፈተ። ከዚያ ወደ ግዛቱ ሁሉ ተዛመተ። የሌስቦስ መንደር ካፌኒዮ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ገመድ በተጠለፈባቸው የእንጨት ወንበሮች ላይ ወንዶች ተቀምጠው ታቭሊ የሚባለውን የዳይ ጨዋታ ይጫወታሉ። ቡናው በትንሽ ጀበና መሰል ዕቃ ከነአተላው ይፈላል። ግሪኮች እስከ 1970ዎቹ ድረስ በተለምዶ «የቱርክ ቡና» ነበር የሚሉት። ቱርክ በ1974 ቆጵሮስን ከወረረች በኋላ ስሙ በየቦታው «የግሪክ ቡና» ሆነ። ስኒውም፣ አፈላሉም፣ አተላውም አልተለወጠም። ባለቤቱ ነው የተለወጠው።

ኡዘሪ ደግሞ የኡዞ ቤት ነው። ኡዞን የእኛ ሰው አያጣውም፤ በአገራችንም ሲመረት የኖረና በየቡና ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚታይ መጠጥ ነው። አኒስ በሚባለው ቅመም የተጣራ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣ አረቄ ነው። ሌስቦስ ዋና ከተማው ናት ማለት ይቻላል። በደቡብ የምትገኘው ፕሎማሪ የተባለች የባሕር ዳር ከተማ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ታጣራዋለች። ከታወቁት ቤቶች የአንዱ መሥራች በ1860 ሙያውን ይዞ የመጣው ከኦዴሳ ነው። የአኒሱ ዘር ደግሞ ሊስቮሪ ከምትባል የደሴቲቱ መንደር የመጣው ይመሰገናል። ከ2006 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ «ኡዞ» የሚለውን ስም በጠርሙስ ላይ መለጠፍ የሚችሉት ግሪክና ቆጵሮስ ብቻ ናቸው። ማዶ ያሉት ቱርኮች ከወይን የሚጣራ፣ አኒስ ያለው፣ ውሃ ሲነካው የሚነጣ የራሳቸው መጠጥ አላቸው። ራኪ ይሉታል። ወንድማማቾች መሆናቸውን ለማወቅ ጠጪ መሆን አያስፈልግም፤ ማሽተት ይበቃል።

ኡዞ ብቻውን አይጠጣም። መዜ ይከተለዋል። መዜ ማለት በትንንሽ ሳህን የሚመጣ ማጣጣሚያ ነው፦ ወይራ፣ ቲማቲም፣ በዘይት የቆየው ላዶቲሪ የሚባል የደሴቲቱ ጠንካራ አይብ፣ በፍም የተጠበሰ ኦክቶፐስ። ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን ከካሎኒ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣው ሰርዲን ነው። ዓሣ አጥማጁ ሌሊት ያወጣውን እዚያው ጀልባው ላይ ጨው ይነሰንስበታል። ማታ ላይ ቆዳው ተገፍፎ ሳይበስል ይበላል። በበጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ስካላ ካሎኒስ ሄዶ ይህን ያልቀመሰ ሰው ሌስቦስን አየሁ ባይል ይሻለዋል ይላሉ።

ለጾመኛ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። የግሪክ ኦርቶዶክሶችም እንደ እኛው ረቡዕና ዓርብን፣ ዓቢይ ጾምንም ይጾማሉ። ይሁን እንጂ ደም የሌላቸው ናቸው ብለው ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ። የታቬርናው ሜኑ ግማሹ የጾም ምግብ የሆነው፣ የባሕር ፍጥረቱም እንዲህ የተትረፈረፈው በቱሪስት ምክንያት ብቻ አይደለም። የቀን መቁጠሪያውም ድርሻ አለበት።

▪️ 1922

አሁን ወደ ሎዛን።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የግሪክ ጦር በ1919 ሰምርኔስ ላይ ወረደ፤ ከዚያም ወደ አናቶሊያ መሐል ዘለቀ። በ1922 ተሸነፈ። በመስከረም ወር ሰምርኔስ ነደደች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ክርስቲያኖች በእሳቱና በባሕሩ መካከል ቆሙ፤ በመርከብም በጀልባም እየሆኑ ወደ ደሴቶቹ ሸሹ። የመጀመሪያዋ መድረሻ ለብዙዎቹ ሌስቦስ ነበረች። ከዚያ በፊትም በ1914 በተነሳው ስደት ከባሕር ዳሩ ብዙ ሺዎች መጥተው ስለነበር ደሴቲቱ ነገሩን አታውቀውም አይባልም። የአሁኑ ግን መመለሻ አልነበረውም።

ጥር 30 ቀን 1923 ግሪክና ቱርክ ሎዛን ላይ የሕዝብ ልውውጥ ውል ፈረሙ። ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ፣ 400,000 ገደማ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ። ከጥቂት አካባቢዎች በቀር የማንም ፈቃድ አልተጠየቀም። መለያው ሃይማኖት ብቻ ነበር። ቱርክኛ እንጂ ግሪክኛ የማይናገር ክርስቲያን «ግሪክ ነህ» ተብሎ ተጫነ። ግሪክኛ እንጂ ቱርክኛ የማያውቅ የቀርጤስ ሙስሊም «ቱርክ ነህ» ተብሎ ተጫነ።

ከሌስቦስ ሙስሊሞቹ ወጡ። ብዙዎቹ የሰፈሩት የት መሰላችሁ? ማዶ፣ ክርስቲያኖቹ ለቀዋት በሄዱት አይቫሊክ። የአይቫሊክ ክርስቲያኖች ደግሞ ሙስሊሞቹ በለቀቋቸው የሚጢሊኒ ሰፈሮች ገቡ። አንዱ የሌላውን ቤት፣ የሌላውን የወይራ ዛፍ፣ የሌላውን ምድጃ ወረሰ። ሚጢሊኒ ውስጥ ኤፓኖ ስካላ በሚባለው የቀድሞ የሙስሊሞች ሰፈር ዛሬም የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ቆሟል። ባሕሩ ዳር ደግሞ ልጆቿን ታቅፋ የቆመች የስደተኛ እናት ሐውልት አለች፤ «የትንሿ እስያ እናት» ይሏታል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል የሚባልለት ኤርሚስ የተባለው ካፌኒዮም እዚያው ሰፈር ነው። አብሮ አደጌ የመጀመሪያውን ምሳ እዚያ እንዲበላ መከርኩት።

▪️ በእርጎ የተጠመቁ

ስደተኛው ሲመጣ እንዴት ተቀበሉት? አንድ ሃይማኖት፣ ለብዙዎቹም አንድ ቋንቋ ነው። በዘመድ ቤት የገቡም፣ በቤተ ክርስቲያን የተጠለሉም፣ እንጀራ የተካፈሉም ነበሩ። ግን ግሪክ ያኔ ድሃ ነበረች፤ ጦርነት ያደቀቃት። ከአምስት ነዋሪ አንዱ ስደተኛ ሆነ። መሬት፣ ሥራና ድምፅ መስጫ ላይ ሽሚያ መጣ። ስድቡም ተከተለ። «የቱርክ ዘር» አሏቸው። «በእርጎ የተጠመቁ» አሏቸው።

ይህ ሁለተኛው ስድብ የምግብ ስድብ ነው። ክርስትናቸው በውሃ ሳይሆን በእርጎ ነው ማለቱ ነው፤ በየወጡ እርጎ ስለሚጨምሩ። ከሙን፣ ቀረፋና ነጭ ሽንኩርት ስለሚያበዙም ሽታቸው ይወራ ነበር። ሴቶቹ ከቤታቸው ይዘው መውጣት የቻሉት ዕቃ ጥቂት ነበር። እጃቸው ግን አብሮ መጣ። ባል የሞተባት፣ ወይም ባሏ ተይዞ ማዶ የቀረባት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በምን ነው? ትሰፋለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች።

ዛሬ በሌስቦስ «ባህላዊ» ተብሎ የሚቀርበውን ምግብ ስም በስም እንይ። ሱጋኒያ፦ በሩዝና በሥጋ የተሞላ ሽንኩርት፤ ስሙ ሽንኩርት ከሚለው የቱርክኛ ቃል ነው። ዩዝሌሜዴስ፦ አይብ የተሞላ የተጠበሰ ቂጣ፤ ቱርኮች ጎዝለሜ ይሉታል። ዶልማዴስ፦ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፤ ዶልማ። ኬፍቴዴስ፦ ኮፍታ። ዛዚኪ፦ ጃጂክ። ሙሳካ እንኳን፣ የግሪክ ባንዲራ የሚመስለው ሙሳካ፣ ስሙ ዓረብኛ ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ1922 በፊትም በደሴቲቱ ነበሩ፤ ባሕሩ መንገድ ነበር ብዬአችኋለሁ። ስደተኞቹ ያደረጉት ነገር ሳህኑን ማበልጸግ፣ ቅመሙን መመለስና ወደ አደባባይ ማውጣት ነው። ያኔ የተሰደበው እርጎ ዛሬ በፕላስቲክ ተሞልቶ በመላው ዓለም ሱፐርማርኬት «የግሪክ እርጎ» ተብሎ ይሸጣል።

▪️ ድስቱን ያጠበው ሰው

በዚያው ዘመን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ኒኮላዎስ ጸለመንቴስ የሚባል በ1878 የተወለደ የሲፍኖስ ደሴት ተወላጅ በውጭ አገር ሠርቶ የተመለሰ ታዋቂ የምግብ ባለሙያ ነበር። በ1920ዎቹ ያሳተመው የምግብ መጽሐፍ በየቤቱ ገባ። ዛሬም በግሪክኛ «ጸለመንቴስ» ማለት የምግብ መጽሐፍ ማለት ነው። የእሱ ክርክር እንዲህ ነው፦ የጥንት ግሪክ ምግብ ንጹሕ ነበር፣ ያበላሸው ቱርክ ነው፣ ስለዚህ ቅመሙ ይቀነስ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይውጣ፣ የአውሮፓው አበሳሰል ይግባ። ሙሳካ ላይ ያንን ነጭ የወተትና የዱቄት ሶስ የደፋበት እሱ ነው። ዛሬ ቱሪስት «እውነተኛ የግሪክ ሙሳካ» ብሎ የሚያነሳው ፎቶ የዓረብ ስም ያለው፣ የኦቶማን ደበርጃን የተደረደረበት፣ የፈረንሳይ ሶስ የለበሰ ምግብ ነው።

ጸለመንቴስን እንደ ክፉ ሰው አልቆጥረውም። አዲስ አገር ሲሠራ ሁሉም ያጥባል፤ ቋንቋ ይታጠባል፣ የመንደር ስም ይታጠባል፣ ድስትም ይታጠባል። ግን በአንድ በኩል መጽሐፉ ቅመሙን ሲያወጣ፣ በሌላ በኩል «በእርጎ የተጠመቁት» ሴቶች በየሰፈሩ መልሰው እየጨመሩት ነበር። ማን አሸነፈ? ሌስቦስ ሄዳችሁ ሳህኑን ጠይቁ።

▪️ ስካላ ሲካምኒያስ

በሰሜን፣ ከሞሊቮስ በስተምሥራቅ፣ ስካላ ሲካምኒያስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ትንሽ ወደብ፣ በወደቡ አለት ላይ አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ በአደባባዩ ደግሞ አንድ ትልቅ የመልበሪ ዛፍ፣ ያ ቅጠሉ የሐር ትል የሚቀለብበት። ከዛፉ ሥር ታቬርና አለ። ስሙም «የሚሪቪሊስ መልበሪ» ነው። ስትራቲስ ሚሪቪሊስ የዚያው አካባቢ ልጅ፣ ከዘመናዊ ግሪክ ታላላቅ ደራሲያን አንዱ ነው። በዚያ ዛፍ ሥር ይቀመጥ ነበር ይባላል። በ1949 ያሳተመው ልብ ወለድ ከማዶ ተሰደው በዚያ ወደብ ስለሰፈሩ ሰዎች ነው።

ያቺ መንደር ሦስት ጊዜ ታሪክ ጎብኝቷታል።

አንደኛው 1922 ነው። ሁለተኛው ጀርመኖች ደሴቲቱን ከያዙበት ከ1941 በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ግሪክ ተራበች፤ በሌሊት ጀልባው በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዘ። ከሌስቦስ፣ ከኪዮስና ከሳሞስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ቱርክ ተሻገሩ። ከዚያም እንግሊዞች ባደራጁት ድጋፍ ወደ ሶርያዋ ሀሌብ፣ ወደ ጋዛ፣ ከፊሎቹም እስከ ቤልጂግ ኮንጎ ተወሰዱ። አዎ፣ በደንብ አንብባችኋል። ያኔ ግሪኮች ስደተኛ ሆነው ሶርያ ገቡ።

ሦስተኛው 2015 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ500,000 በላይ ሰዎች በጎማ ጀልባ ሌስቦስ ደረሱ፤ የሚበዙት ከሶርያና ከአፍጋኒስታን። ከደሴቲቱ ሕዝብ ቁጥር አምስት እጥፍ ይበልጣል። አብዛኛው የሚያርፈው በሰሜኑ ዳርቻ፣ በዚያች መንደር ዙሪያ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ሰው አወጡ። የታቬርናዎቹ ወንበርና ብርድ ልብስ የማን እንደሆነ መጠየቅ ቀረ። በጥቅምት ወር የተነሳ አንድ ፎቶ ዓለምን ዞረ፦ ሦስት አሮጊቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ የሶርያ ሕፃን ታቅፋ ጡጦ ታጠባለች፤ እናቱ አጠገባቸው ቆማለች። እነዚያ አሮጊቶች ከማዶ የመጡ የ1922 ስደተኞች ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷና አንድ ዓሣ አጥማጅ በ2016 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጩ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብዘጋው ያምር ነበር። ግን እዚህ አይዘጋም።

በመጋቢት 2016 የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ ተስማሙ፤ ወደ ዋናው አገር የሚያልፈው መንገድ ተዘጋ። የመጣው ሰው ደሴቲቱ ላይ ቀረ። ለ3,000 ሰው ገደማ የታሰበው የሞሪያ ካምፕ በ2020 መጀመሪያ ላይ 20,000 ያህል ሰው ያዘ። ቱሪስቱ ሸሸ፤ ታቬርናዎች ባዶ ዋሉ፤ ዓሣው ገዢ አጣ። በየካቲት 2020 መንግሥት አዲስ ዝግ ካምፕ ሊሠራ አድማ በታኝ ፖሊስ ሲልክ ነዋሪው ተጋጨ። መጋቢት 1 ቀን በቴርሚ ወደብ የተሰበሰቡ ሰዎች ሕፃናት የጫነ ጀልባ እንዳይወርድ ከለከሉ። በዚያው ቀን በስካላ ሲካምኒያስ አቅራቢያ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ይጠቀምበት የነበረው ጊዜያዊ ማረፊያ በእሳት ተለኮሰ። ለኖቤል ከታጨችው መንደር አጠገብ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ! በመስከረም ደግሞ ሞሪያ ራሱ ነደደ፤ 12,000 ያህል ሰው ሜዳ ላይ ቀረ።

ሰዎቹ ተለወጡ? አንዳንዱ ተለውጧል፣ ከውጭ መጥቶ ያቀጣጠለም ነበር፤ አብዛኛው ግን ደክሞት ነው። አውሮፓ ሸክሟን ሁሉ ማዕዱ ላይ ጭና ስትሄድ ባለቤቱ ማዕዱን ገለበጠው። አላጸድቀውም፤ ግን ይገባኛል። የ1922 ስደተኞችንም «በእርጎ የተጠመቁ» ያሏቸው እኮ መጀመሪያ ዳቦ የሰጧቸው ጎረቤቶች ናቸው። በ1922 እና በ2015 መካከል ያለው ልዩነት የደግነት አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹ እንዲሰፍሩ፣ እንዲያርሱ፣ ምድጃ እንዲተክሉ ተፈቀደላቸው። በድህነትና በስድብ መካከልም ቢሆን በአንድ ትውልድ ውስጥ ባለቤት ሆኑ። ሁለተኛዎቹ በሽቦ ውስጥ ሆነው የተቀቀለ ምግብ በሰልፍ እንዲቀበሉ ተደረገ። ድስት ያልተሰጠው ሰው ለማዕዱ ምን ሊያዋጣ ይችላል?

▪️ እንግዳ

በግሪክኛ «ክሴኖስ» የሚል ቃል አለ። ባዕድ ማለት ነው፤ በቤትህ የሚስተናገድ እንግዳ ማለትም ነው። በእኛም ቋንቋ «እንግዳ» እንዲሁ ነው፤ እግሩን የምናጥበውም እንግዳ ነው፣ የማናውቀውና የሚያስደነግጠንም «እንግዳ ነገር» ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። በየትኛው ፍቺ እንደምንጠቀምበት የሚወስነው ቃሉ አይደለም፤ እኛ ነን።

የቅርብ ጊዜውን ወሬ ልንገራችሁና ላብቃ። በ2024 የጸደይ ወራት የቱርክ ዜጎች ሌስቦስን ጨምሮ በተመረጡ የግሪክ ደሴቶች ሲደርሱ የሰባት ቀን ቪዛ ወደቡ ላይ ማግኘት ጀመሩ። ከአይቫሊክ የሚነሳው ጀልባ ቅዳሜና እሁድ ሞልቶ ይመጣል። የሚጢሊኒ ታቬርናዎች ሜኑአቸውን በቱርክኛም ማተም ጀምረዋል። ከሚመጡት መካከል ቅድመ አያቶቻቸው ከዚህችው ደሴት በ1923 የተጫኑ አሉ። ተቀምጠው ሱጋኒያ ያዛሉ፤ ስሙን ማስተርጎም አያስፈልጋቸውም።

▪️ እንግዲህ የት ይበላ?

አብሮ አደጌ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ነበርና በመጨረሻ ይህን አስጻፍኩት፦

1️⃣ ሚጢሊኒ ስትደርስ ዋናውን የወደብ ዳርቻ እለፈውና ኤፓኖ ስካላ ግባ። ምሳህን እዚያ ብላ፤ መስጊዱንና የእናቲቱን ሐውልት በእግርህ አይተህ ተመለስ።

2️⃣ በበጋ ከሄድክ ሰርዲን በስካላ ካሎኒስ ብላ። ቀድሞ ጨው የተደረገበትን ጠይቅ። ልጆቹ ጥሬ ካልፈለጉ የተጠበሰውም አያሳፍርም።

3️⃣ ፕሎማሪ የኡዞ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ወጥተህ በአደባባዩ ዛፍ ሥር ተቀመጥ። መዜውን አንድ በአንድ እዘዝ፤ ሁሉንም በአንዴ ያዘዘ ሰው ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል።

4️⃣ ስካላ ሲካምኒያስ ከመልበሪው ሥር እራት ብላ። ወደ ማዶ እያየህ። ለልጆችህም በዚያ ውሃ ላይ ማን ማን በየትኛው አቅጣጫ እንዳለፈ ንገራቸው።

5️⃣ በየትም ግባ፣ ባለቤቷ እድሜዋ ገፋ ያለ እናት ከሆነች «ይህን ምግብ ከማን ተማርሽ?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። «ከአያቴ» ካለችህ «እሷስ ከየት ናት?» በል። መልሱ ብዙ ጊዜ ባሕሩን ያሻግርሃል።

አብሮ አደጌ ከዚያ ተመልሷል። አምስተኛውን ምክር ብቻ እንደፈጸመ ነገረኝ፤ ሌላውን ልጆቹ ከባሕር አንወጣም ብለው አበላሹበት። ባለቤቲቱን ጠየቃት። እጇን ወደ መስኮቱ አንስታ ማዶውን አሳየችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ያላዘዘውን አንድ ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ ሒሳቡ ላይም አልተጻፈም።

ቸር ይግጠመን። ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ እዚያ የበላችሁ ካላችሁ!